ካረን ብሊክሰን፡ በናይሮቢ ቡናዋ ከስሮ በብዕሯ የገነነችው ዴንማርካዊት

ከናይሮቢ መሃል ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ የንጎንግ ኮረብታዎች ከሩቅ ሰማያዊ መስለው መታየት ሲጀምሩ ካረን ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ረጃጅም ዛፎች፣ ሰፋፊ ግቢዎችና ከፍ ያሉ አጥሮች ያሉበት ይህ ሰፈር በከተማዋ ውድ ከሚባሉት የመኖሪያ አካባቢዎች አንዱ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ምድር ላይ በረድፍ የተተከለ ቡና ነበር። እርሻውን ለአስር ዓመት ብቻዋን ያስተዳደረችው አንዲት ዴንማርካዊት ስትሆን፣ ቡናው ከስሮ፣ መሬቱ ተሸንሽኖ ሲሸጥ ባዶ እጇን ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። በዓለም የታወቀችው ከዚያ በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ ነው።

የካረን ብሊክሰን ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከፍቅር ታሪኳና ከሆሊውድ ፊልም አንጻር ነው። ከቡናው አንጻር ሲታይ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። የቡና መገኛ በሆነችው ኢትዮጵያ ጎረቤት፣ ቡና እንዴት ሰዎች የሚደክሙለት እንጂ የማይጠጡት ተክል ሆኖ እንደጀመረም ያሳያል።

ከባሕር ዳርቻው ርስት

ካረን ዲነሰን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሚያዝያ 17/1885 ከኮፐንሃገን በስተሰሜን፣ ሩንግስቴድሉንድ በተባለው የቤተሰቧ ርስት ተወለደች። አባቷ ዊልሄልም ወታደርና ጸሐፊ ነበር። እናቷ ኢንገቦርግ ደግሞ ዌስተንሆልዝ ከተባለ ባለጸጋ የነጋዴ ቤተሰብ የተገኘች ነበረች።

አባቷ አሥር ዓመት ሳይሞላት በ1895 ራሱን አጠፋ። ከአምስት ልጆቹ መካከል ለእርሱ እጅግ ትቀርብ የነበረችው ካረን ነበረችና ሐዘኑ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም።

በወጣትነቷ በኮፐንሃገን ሥዕል ተማረች። ከ1907 ጀምሮም በብዕር ስም ጥቂት አጫጭር ልብ ወለዶች አሳተመች። ያን ጊዜ ግን ጽሑፎቿን ልብ ያላቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ልቧ ሃንስ ብሊክሰን የተባለውን ስዊድናዊ የሩቅ ዘመዷን ቢመርጥም እርሱ ግን አልፈቀዳትም። በ1912 መጨረሻ ከመንታ ወንድሙ ከብሮር ጋር ታጨች። ብሮር የባሮንነት ማዕረግ ነበረው እንጂ ገንዘብ አልነበረውም።

ሁለቱ ከስካንዲኔቪያ ርቀው አዲስ ሕይወት ለመጀመር የመረጡት በወቅቱ የብሪታኒያ ምሥራቅ አፍሪካ ይባል የነበረውን የዛሬውን ኬንያ ነው። ገንዘቡን የሰጡት በአጎቷ በኦገ ዌስተንሆልዝ የሚመሩት የእናቷ ቤተሰቦች ነበሩ።

መጀመሪያ የታሰበው ከብት ለማርባት ነበር። ቀድሞ የሄደው ብሮር ግን ትርፍ ያለው ቡና ላይ ነው ብሎ አመነና ዕቅዱን ለወጠ። የሙሽራይቱ ዕጣ ፈንታ የተወሰነው ገና መርከብ ሳትሳፈር ነበር።

በሞምባሳ የሚጠጣው፣ በናይሮቢ የሚለማው

ካረን ታኅሣሥ 1913 ከአውሮፓ ተነሳች። በዚያው ወር በአዲስ አበባ አጼ ምኒልክ አረፉ። ጥር 14/1914 ሞምባሳ ላይ ከብሮር ጋር ጋብቻዋን ፈጽማ ባሮነስ ብሊክሰን ተባለች።

ሞምባሳ ከቡና ጋር የቆየ ትውውቅ ያላት ከተማ ናት። በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ከየመንና ከዓረብ ወደቦች ጋር የተሳሰሩት የስዋሂሊ ሙስሊሞች መራራ ቡና ይጠጡ ነበር፤ አሁንም ይጠጣሉ። ከሥሩ ፍም የተደረገበትን የናስ ማፍያ ይዘው የሚዞሩ ሻጮች፣ እጀታ በሌላቸው ትናንሽ ሲኒዎች ዝንጅብል የገባበትን ቡና ይቀዳሉ። ከጎኑ ተምር ወይም ሃልዋ ይቀርባል።

ከዚያ ተነስቶ በባቡር ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ግን ሌላ ዓለም ያገኝ ነበር። በናይሮቢ ዙሪያ ያሉት ኪኩዩዎች ቡና የመጠጣት ልማድ አልነበራቸውም። ተክሉም ራሱ ለአገሩ እንግዳ ነበር።

ቡና ከደቡብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ አልገባም። ያመጡት የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ ዘሩ የተገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ካለችው የሬዩንዮን ደሴት ነበር። በ1893 በታይታ ኮረብታዎች፣ ቡራ በተባለ ስፍራ ተተከለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ናይሮቢ አጠገብ ወዳለው ሚሲዮን ተሻገረ። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሬዩንዮን የሄደው ተክል ዓለምን ዞሮ የመገኛውን ጎረቤት ያገኛት በዚህ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ያሉ ክርስቲያኖችም ቢሆኑ ቡናን ሁልጊዜ አልወደዱትም። ለረጅም ዘመን የሙስሊሞች መጠጥ ነው በሚል ይሸሹት ነበር። ይህ አመለካከት የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ካረን ኬንያ በገባችበት ጊዜ ጀበናና ረከቦት ቀድሞ ባልነበሩባቸው ቤቶች ቦታ እያገኙ ነበር።

በኬንያ ደጋ ግን ቡና የመጣው ከሲኒው ጋር ሳይሆን ከጆንያው ጋር ነው። ለቅኝ ገዢው አስተዳደርና ለነጭ ሰፋሪዎች ወደ ለንደን የሚላክ ሸቀጥ ነበር።

የጢሰኞቹ 180 ቀናት

በ1916 እርሻው ካረን ኮፊ ካምፓኒ የተባለ የቤተሰብ ኩባንያ ሆነ። በንጎንግ ኮረብታዎች ግርጌ 6 ሺህ ኤከር ወይም 2,400 ሄክታር ገደማ መሬት ይዞ፣ ቡና የተተከለው ግን 600 ኤከሩ ላይ ብቻ ነበር። ቀሪው ደን፣ የግጦሽ ሜዳና የኪኩዩ ቤተሰቦች የሚኖሩበት መሬት ነበር።

እነዚህ ቤተሰቦች በቅኝ ግዛቱ ሕግ ስማቸው ሰፋሪ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን የሚቀርበው ቃል ጢሰኛ ነው። ቤት ሠርተው፣ ሻምባ የሚሉትን ማሳ አርሰውና ከብት አርብተው እንዲኖሩ ይፈቀድላቸዋል። በምላሹ በዓመት 180 ቀናት በነጩ እርሻ ላይ ይሠራሉ። ብዙዎቹ ነጭ ሳይመጣ በፊት አባቶቻቸው በኖሩበት መሬት ላይ ጢሰኛ የሆኑ ነበሩ።

በግብርና በፈቃድ ሥርዓት የታጠረ በመሆኑ ቡና ለራሳቸው መትከል አይችሉም ነበር። ሰፋሪዎቹ አፍሪካውያን ቡና ቢያለሙ የተክል በሽታ ይዛመታል፣ የቡና ስርቆትም ይበዛል ብለው ይከራከሩ ነበር። ከክርክሩ ጀርባ ግን ሌላ ስጋት ነበር፤ የራሱ ቡና ያለው ሰው ለሌላው ቡና ለመልቀም አይመጣም።

የቡናውን አድካሚ ሥራ ከችግኝ ተከላ እስከ ለቀማ የሠሩት እነርሱ ናቸው። የቀላው እሸት ቡና ተለቅሞ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፤ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ በትልቅ ማድረቂያ ውስጥ እየተሽከረከረ ይደርቃል። ከዚያ ሴቶች ፍሬውን በእጃቸው ይለቅሙታል። በጆንያ ተሞልቶ አሥራ ስድስት በሬዎች በሚጎትቱት ሠረገላ ወደ ናይሮቢ ባቡር ጣቢያ ይጓዛል፤ ከዚያ ወደ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ ወደ ለንደን ጨረታ።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንዱም ፍሬ ተቆልቶ በለቃሚዎቹ ቤት እንዲፈላ የታሰበ አልነበረም። በኬንያ ደጋ የየቤቱ መጠጥ ሆኖ ሥር የሰደደው ከወተትና ከስኳር ጋር የሚፈላው ሻይ ነው። ዛሬም የኬንያ ቤተሰብ እንግዳውን ሲቀበል በአብዛኛው የሚያቀርበው ሻይ ነው።

ሕመም፣ ፍቺና ብቸኛ አስተዳዳሪ

ካረን ኬንያ በገባች በዓመቱ ገደማ ቂጥኝ እንደያዛት ታወቀ። ከባሏ እንደተላለፈባት ይታመናል። ለሕክምና ወደ ዴንማርክ ተመለሰች፤ በዘመኑ መድኃኒት ተብለው የተሰጧት ሜርኩሪና አርሴኒክ የራሳቸውን ጉዳት ሳያደርሱባት እንዳልቀሩ በሕይወቷ ዙሪያ የጻፉ ሰዎች ያምናሉ።

ብሮር አደን የሚወድ፣ ገንዘብ የሚበትን ሰው ነበር። በ1921 የኩባንያው ባለድርሻዎች ከሥራ አስኪያጅነት አንስተው ካረንን በቦታው ተኩ። በ1925 ጋብቻቸው በሕግ ፈረሰ።

በቤቱና በእርሻው ቀኝ እጇ የነበረው ሶማሊያዊው ፋራህ አደን ነበር። ገንዘብ ይይዛል፣ ሠራተኞችን ያስተዳድራል፣ በእርሷና በአካባቢው ሰዎች መካከል ይሸመግላል። እግሩ ቆስሎ ያገኘችው ኪኩዩው ልጅ ካማንቴ ጋቱራ ደግሞ በስኮትላንድ ሚሲዮን ሆስፒታል ድኖ የታወቀ ወጥ ቤቷ ሆነ። በእርሻው ላይ ለሠራተኞች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ጠዋት ጠዋትም ሕሙማንን ታክም ነበር።

በጎነቷ ግን ከጌትነቷ ተነጥሎ አይታይም። እርሷ የምትወዳቸውን ሰዎች ከመሬታቸው ነቅሎ ጢሰኛ ያደረጋቸው ሥርዓት፣ እርሷን ባለእርሻ ያደረገው ያው ሥርዓት ነበር።

በዚያው በ1921 የቡና ዋጋ ወርዶ ነጭ ሰፋሪዎች የአፍሪካውያንን ደመወዝ ለመቀነስ ተነሱ። ይህንንና የቤት ግብሩን የተቃወመው ሃሪ ቱኩ የተባለ ወጣት መጋቢት 1922 ናይሮቢ ውስጥ ታሰረ። ይፈታልን ብለው በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ከሃያ በላይ ሰዎችም ተገደሉ። ቱኩ ለዓመታት በግዞት ቆየ።

ምድሩ እምቢ ሲል

ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። የካረን እርሻ ያለበት ምድር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ሆኖ፣ ለቡና አይመችም ነበር። ዝናቡ ያንሳል፣ አፈሩ አሲድ ይበዛበታል፣ ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ቅዝቃዜ አበባውን ይመታዋል።

ድርቅ በድርቅ ላይ ተደራረበ። የቡና ፋብሪካው ተቃጠለ። በ1920ዎቹ መጨረሻ አንበጣ መጣ፤ በ1929 ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ የቡና ዋጋ ወደቀ። ቤተሰቧ በየዓመቱ ከዴንማርክ ገንዘብ ቢልክም እርሻው ዕዳውን ሊያወራርድ አልቻለም።

በእነዚያ ዓመታት መጽናኛዋ ዴኒስ ፊንች ሃተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ነበር። ከጉዞ ሲመለስ በቤቷ ያርፋል፤ እሳት ዳር ተቀምጠው እርሷ የፈጠረችውን ተረት ትተርክለታለች። ብዕሯን የሳለችው በዚያ ምሽት ወግ ሳይሆን አይቀርም።

በ1931 ሁሉም በአንድ ላይ ፈረሰ። ኩባንያው እርሻውን ሬሚ ማርቲን ለተባለ የናይሮቢ መሬት ገዢ ሸጠው። ገዢው መሬቱን ሸንሽኖ ለመኖሪያ ቤት ሊያውለው አስቦ ነበር። ግንቦት 14/1931 ደግሞ ዴኒስ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ቮይ አቅራቢያ ተከሰከሰች፤ እርሱም አብሮት የነበረው አገልጋዩም ሞቱ። ዴኒስ ከእርሻዋ በሚታዩት የንጎንግ ኮረብታዎች ላይ ተቀበረ።

በቀሯት ወራት ካረን የያዘችው ጉዳይ የጢሰኞቹ ነበር። መሬቱ ሲሸጥ መውጣት ነበረባቸው፤ አስተዳደሩም በየቦታው ሊበትናቸው ያሰበ ይመስል ነበር። እነርሱ ግን አብረው መኖርን ፈለጉ። ካረን ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሰች፣ እስከ ገዢው ድረስ ደጅ ጠንታ፣ በመጨረሻ በዳጎሬቲ ደን ክልል በአንድነት የሚሰፍሩበት መሬት ተፈቀደላቸው።

የቤት ዕቃዋን ሸጣ በበጋው ከኬንያ ወጣች። ዕድሜዋ 46 ነበር። ዳግመኛ አልተመለሰችም።

በእናቷ ቤት የተጻፈው መጽሐፍ

ሩንግስቴድሉንድ ስትደርስ ገንዘብም ባልም ሥራም አልነበራት። በልጅነት ክፍሏ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረች። በ1934 የመጀመሪያዋ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል በአሜሪካ ታተመ፤ ደራሲው አይዛክ ዲነሰን የተባለ ወንድ ተብሎ ነበር። መጽሐፉ ተወደደ፤ ከስሙ ጀርባ ያለችውም ሴት ብዙም ሳትቆይ ታወቀች።

በ1937 የእርሻዋን ዘመን የምትተርክበት አውት ኦፍ አፍሪካ ወጣ። በእንግሊዝኛም በዴንማርክኛም ራሷ የጻፈችው ይህ መጽሐፍ የዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አስገባት። በተደጋጋሚ ለኖቤል ሽልማት ታጨች፤ አላገኘችም። በ1954 ያሸነፈው አርነስት ሄሚንግዌይ ሽልማቱ ለእርሷ ይገባ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል።

ጤናዋ ግን ከኬንያ ጀምሮ እየከዳት ነበር። ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ እህል አልወርድ ብሏት እጅግ ከሳች። መስከረም 7/1962፣ በ77 ዓመቷ በተወለደችበት ቤት አርፋ በግቢው ካለ አንድ ዛፍ ሥር ተቀበረች። ኬንያ ነጻነቷን ያወጀችው ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የቀረው ስምና የተረፈው ቡና

የዴንማርክ መንግሥት ቤቷን ገዝቶ ለነጻይቱ ኬንያ በስጦታ አበረከተ። በ1985 ሜሪል ስትሪፕና ሮበርት ሬድፎርድ የተወኑበት ፊልም ወጥቶ ሰባት ኦስካር ሲያሸንፍ የጎብኚው ፍላጎት ጨመረ፤ ቤቱም በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የሰፈሩ ስም ከየት እንደመጣ እስካሁን ያከራክራል። አንዳንዶች ከእርሷ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ኩባንያው በስሟ ከተጠራላት ከአጎቷ ከኦገ ልጅ ነው ይላሉ።

መጽሐፏም አከራካሪ ነው። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ አፍሪካውያንን ከእንስሳት ጋር እያነጻጸረች የጻፈች፣ የጌትነት ፍቅርን ያስዋበች ጸሐፊ ናት ሲል አጥብቆ ነቅፏታል። ሌሎች አንባቢዎች በበኩላቸው የዘመኗ ነጭ ሰፋሪዎች ስማቸውን እንኳ ያልጠሯቸውን ሰዎች እርሷ በስምና በጠባይ መዝግባለች ብለው ይሟገቱላታል። ሁለቱም ንባብ ከአንዱ መጽሐፍ የሚወጣ ነው።

ቡናው ግን ከእርሷ ውድቀት በኋላ ሌላ ታሪክ ያዘ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በኪሲ፣ በኤምቡና በሜሩ ለጥቂት አፍሪካውያን ቡና እንዲተክሉ ተፈቀደ። በነዚያው ዓመታት ካረን ከነበረችበት ብዙም ሳይርቅ፣ ካቤቴ ባለው የስኮት ላቦራቶሪ፣ ኤስኤል 28 የተባለው ዝርያ ተመረጠ፤ ዛሬም የኬንያ ቡና ዝናው በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ከ1954 ወዲህ ደግሞ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የማው ማው አመጽ ባስጨነቀው ጊዜ ባወጣው የግብርና ዕቅድ፣ ትናንሽ ገበሬዎች በብዛት ወደ ቡና ገቡ።

ካረን ከኬንያ ልትወጣ ወራት ሲቀሯት ከግዞት የተለቀቀው ሃሪ ቱኩም በኋላ በኪያምቡ የራሱን ቡና ተከለ። በ1959 በቡና አምራቾች ማኅበር ቦርድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል ሆነ።

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን አቦል ቶና በረካ እያለች ራሷ ትጠጣዋለች። ኬንያ ግን አሁንም አብዛኛውን ወደ ውጭ ትልካለች። በናይሮቢ ቡና የሚጠጣባቸው ቤቶች ባለፉት ሁለት አስርታት ቢበዙም፣ ገበሬው ደጃፍ ያለው ማንቆርቆሪያ አሁንም ሻይ ይፈላበታል።

በካረን ሙዚየም ግቢ የድሮው የቡና ማሽን ቅሪት ዝጎ ይታያል። በኪያምቡ ደግሞ ገበሬዎችና ኩባንያዎች ዋጋው አልያዝ ሲላቸው ቡናቸውን ነቅለው መሬቱን ለቤት ሠሪዎች እየሸጡ ነው፤ ናይሮቢ በ1931 የንጎንግን የቡና ረድፎች እንደወሰደች አሁን እነዚያን እየወሰደች ነው።